ጅማ ላይ የቀረበልኝ ኦሪንግ

«ወንድሜ፣ ልክክ ይላል! አሮጌውን ይዤ ሄጄ ነው ያስለካሁት» አሉኝ ሾፌራችን። ሂርማታ መርካቶ ካለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የገዙትን ጥቁር ኦሪንግ፣ ማለትም ፍሳሽ እንዳይኖር መገጣጠሚያ ላይ የሚገባ የጎማ ቀለበት፣ ዘረጉልኝ። ከአሮጌው ጎን ሳስቀምጠው እውነትም በዓይን አይለይም።

ባለ አንድ ሞተሯ ካራቫን አውሮፕላናችን ከጠዋት ጀምሮ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ቆማለች። በፍተሻ ጊዜ የነዳጅ ማጣሪያዋ ሥር እርጥበት አገኘሁ። ጠረግሁት፤ ሞተሩን አስነስተን ስናጠፋ መልሶ ረጠበ። ማጣሪያውን ስፈታው ኦሪንጉ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ሆኗል። ካፕቴኑ ደመናውን ያያል፤ የክረምት ከሰዓት ጅማ ላይ ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው። ተሳፋሪዎቹም «ለዚህች ጠብታ ነው?» ማለት ጀምረዋል።

ጥያቄያቸው አግባብ ነው። ክንፍ ውስጥ ካለ ታንክ የሚወጣ እርጥበት በ30 ደቂቃ ምን ያህል እንደሰፋ ይለካል፤ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያነሰና አየር በሚያገኘው የክንፍ ገጽ ላይ ያለ ከሆነ እየተከታተሉ የሚበሩበት አጋጣሚ አለ። ያው እርጥበት ተን በሚታመቅበት ዝግ ቦታ ከታየ ግን ሳይጠገን መነሳት የለም። ሞተር ክፍል ውስጥ ደግሞ ግለቱ አለ፤ ነዳጁም በግፊት ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የጠብታዋ ማነስ አያጽናናኝም፤ የምትወጣበት ቦታ ነው የሚያሳስበኝ።

ኦሪንጉ ከየት እንደወጣ ጠየቅኋቸው። «ከመኪና ፍሬን መጠገኛ ኪት» አሉኝ። ብዙ የፍሬን ጎማ የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው። ለፍሬን ዘይት የሚስማማ፣ ነዳጅ ሲነካው ግን የሚያብጥና የሚልፈሰፈስ ነው። ዛሬ ቢገጠም ፍሳሹን ያቆማል፤ ፍተሻውንም ያልፋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለነዳጅ የሚሆነው ናይትራይል ወይም ፍሎሮካርቦን የሚባለው የጎማ ዓይነት ቢሆንም፣ ጥቁር ሆነው ሲመጡ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው የፓርት ነምበሩ (የዕቃው መለያ ቁጥር) እና አብሮት የሚመጣው የምስክር ወረቀት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2001 የካናዳው አየር መንገድ የኤር ትራንዛት ኤርባስ ኤ330 አውሮፕላን አትላንቲክ ላይ ነዳጁን ጨርሶ፣ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበት፣ እየተንሳፈፈ አዞርስ ደሴቶች ላይ አርፏል። 306 ሰዎች ተርፈዋል። መነሻው የተቀየረ ሞተር ላይ የገባ የማይዛመድ የሃይድሮሊክ ቱቦ ነበር፤ ቱቦው ቦታው ላይ ገብቷል፣ ግን የነዳጁን ቧንቧ እየፈተገ ሰነጠቀው። ይህን ለካፕቴኑ አነሳሁለት። ብዙም አልተከራከረኝም። «እንግዲያው እናድራለን» ብሎ ተሳፋሪዎቹን ራሱ አነጋገራቸው። አክብሬዋለሁ፤ ያን ቀን ከባዱን ሥራ የሠራው እሱ ነው።

ለሾፌሩም ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ሰውየው ለእኛ ብለው ከተማውን ዞረዋልና ዝም ብዬ እቃቸውን ብመልስ ነውር ነበር። «ጋሼ፣ መጠኑ ትክክል ነው፤ ጎማው ነው የማይሆነው» አልኳቸው።

ትክክለኛው ኦሪንግ በማግስቱ ከአዲስ አበባ ከነወረቀቱ መጣ። ገጥሜ፣ ማጣሪያው እንዳይላላ በሽቦ አስሬ፣ ሞተሩን አስነስተን አየን፤ ደረቅ ነው። የፓርት ነምበሩን መዝገቡ ላይ ጽፌ ፈረምሁ፤ አሮጌውን ኦሪንግ ደግሞ ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው በመቀስ ቆረጥሁት።