የአባዬ ካቻቢቴ

አየር ኃይል ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ፓይለቱ ነው፣ መነጽሩን አድርጎ ጄቱ አጠገብ ቆሞ የተነሳው ፎቶ። እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ካቻቢቴ ነው።

አባዬ ሀረር ሜዳ አየር ኃይል ጣቢያ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ቴክኒሻን ነበር፣ ቢሾፍቱ ማለት ነው፣ እኛ ግን ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንለው አሁንም አፌ ላይ ቶሎ የሚመጣው እሱ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ 1969 እና 70 ላይ ድሬዳዋ ነበር። ስለ ውጊያው ብትጠይቁት ምንም አይነግራችሁም፣ ስለ ሙቀቱ ግን ሲያወራ ይመሽለታል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ክንፍ በባዶ እጅ አይነካም ነበር ይላል። ሌላው የሚያወራው መቁጠር ነው። ጄቶቹ አራት ሆነው ከወጡ አራቱ እስኪመለሱ ምሳ የሚበላ ቴክኒሻን የለም፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ መቆም ነው። ፓይለቱ ጄኔራል ለገሰ ተፈራ እኮ ከአንዱ በረራ ሳይመለስ ሶማሊያ 11 አመት ታስሮ ነው የመጣው።

እቃም ይቆጠራል። ከስራ በፊትና በኋላ አንድ በአንድ፣ ምክንያቱም አንዲት ብሎን ሞተር ውስጥ ከገባች አለቀ፣ ካቻቢቴ ከጎደለ ጄቱ አይነሳም። አንድ ማታ አባዬ ሳይመጣ ቀረ፣ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ቀረች፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ገባ። ለካ ካቻቢቴ ጠፍቶ ሜዳውን በባትሪ ሲያስሱ አምሽተው በመጨረሻ የተገኘው የራሱ ጃኬት ገበር ውስጥ ነው፣ ኪሱ ተቀዶ ሾልኮ ገብቶ! እማዬ በነጋታው ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን የኪሶቹን አፍ በሙሉ ሰፍታ ዘጋቻቸው ፣ ከዛ በኋላ መሀረቡን እጅጌው ውስጥ ነበር የሚይዘው።

83 ላይ ሰራዊቱ ሲበተን እሱም ቤት ገባ፣ የወፍጮ ሞተር እየጠገነ ነው ያሳደገን። እዛም ፒንሳና ካቻቢቴውን ጆንያ ላይ ደርድሮ ይቆጥራል፣ ባለ ወፍጮዋ ትስቅበት ነበር።

አሁን ጆሮው ሄዷል፣ የጄቱ ጩኸት ነው የበላው፣ ያኔ ጥጥ ወትፈው ነበር የሚሰሩት። ለፋሲካ ስንሄድ ልጄ "አያዬ ጄት!" ብሎ እየጎተተ አወጣው። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ "ስንት ናቸው?" አለ። ሁለት አልነው። እማዬ ከውስጥ ቡናው በረደ እያለች ትጣራለች፣ እሱ በረንዳው ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ቆይ እስቲ፣ ይመለሱ።"