ስታፋ በኪሎ አይከፈልም

በፌራዮ ሥራ፣ ማለትም አርማታ ውስጥ የሚገባውን ብረት (ፌሮ) ቆርጦ፣ አጥፎና አስሮ በማቆም ሥራ፣ ክፍያው በኪሎ ነው። ከኮንትራክተሩ ጋር ስንዋዋል «በኪሎ ይህን ያህል ብር» ተብሎ ይጻፍና፣ ሳይት የገባው ፌሮ ቀጭኑም ወፍራሙም በአንድ ዋጋ ይታሰባል። ጀማሪ ሳለሁም እንዲህ ነበር፤ ዛሬ የራሴን ቡድን ይዤ ስሠራም አልተለወጠም። ስለ ሙያችን እድገት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ማሽን እንዳወራለት ይጠብቃል። ስለ ማሽኑም እጽፋለሁ። ግን ከዚህ ክፍያ ካልጀመርኩ የቀረው ነገር አይገባም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት የሚገኘው በሚሊ ሜትር የተለካ ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። በዚህ መሠረት ባለ 20 ፌሮ በሜትር 2.47 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ 8 ደግሞ 0.395 ኪሎ። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮለን (ምሰሶ) እንውሰድ። ቋሚው ባለ 20 ሆኖ ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል ቢሆን አንዱ ብቻ ከ8 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። ለዚያው ኮለን የሚታጠፍ ባለ 8 ስታፋ (ቋሚዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት) ከነመንጠቆው 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይፈጃል፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ቋሚ ፌሮ ቆርጦ ማቆም፣ 18 ስታፋ ቆርጦ፣ አጥፎና አስሮ ከመጨረስ ጋር እኩል ይከፈላል ማለት ነው። ቋሚውን ሁለት ልጆች ወዲያው ያቆሙታል። ስታፋው ግን እያንዳንዱ አምስት ቦታ ይታጠፋል፤ ከዚያ በየማዕዘኑ በጥቁር ሽቦ ይታሰራል። 18 ጊዜ አምስት ስንት እንደሆነ ወገቡ የሚነግረው ልጅ፣ የት ላይ ቢቸኩል እንደሚያዋጣው ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

የሚቸኮልበት ቦታ ደግሞ ሕንፃው ሰው የሚያድንበት ቦታ ነው። ስታፋ የኮለን መቀነት ነው። ቋሚው ፌሮ ሸክም ሲበዛበት ወደ ውጭ እንዳይጎብጥ፣ መሐል ያለው አርማታም ተሰነጣጥቆ እንዳይበተን አጥብቆ ይይዛል። በአዘቦት ቀን ይህ ሥራው አይታይም። ምድር ስትናወጥ ግን መጀመሪያ የሚረግፈው ከፌሮው ውጭ ያለው ስስ የአርማታ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከረገፈ በኋላ መንጠቆው በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ይከፈታል። መንጠቆው 135 ዲግሪ ታጥፎ ጫፉ ወደ ኮለኑ መሐል የገባ ከሆነ፣ ሽፋኑ ቢረግፍም የመሐሉ አርማታ ራሱ መንጠቆውን ስለሚነክሰው ይቆያል። ጫፉም ቢያንስ የስታፋውን ዲያሜትር አሥር እጥፍ መርዘም አለበት፤ ለባለ 8 ይህ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 45 ዲግሪ ማጠፍና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ፌሮ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን በየሳይቱ 90 ዲግሪ ይታያል? በ90 የታጠፈው በቋሚዎቹ ላይ ቶሎ ስለሚገባ ነው። 135ቱን ለማስገባት መንጠቆውን በቋሚው ዙሪያ እያሽከረከሩ መታገል ያስፈልጋል፤ ለዚያ ትግል በኪሎ የሚጨመር ሳንቲም የለም። ከዚህ የባሰው ኮለንና ቢም (አግድም ተሸካሚው) የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። ከአራት አቅጣጫ የቢም ፌሮ ይገባበታል፣ እጅ አይገባም፣ ስታፋው ግን እዚያም ውስጥ መቀጠል አለበት። ብዙ ሳይት ላይ መጋጠሚያው ስታፋ ሳይገባበት አርማታ ይሞላል። በማግሥቱ ጣውላው ሲነሳ የሚታየው ለስላሳ አርማታ ነው፤ ውስጡ ስታፋ ይኑር አይኑር ከሠራው ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ከእኛ ሩቅ ስላልሆነ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው በሬክተር ስኬል 5.7 ገደማ የተለካ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ አልጋ አነቃንቋል። በዚያ ሰሞን ስንት ቤተሰብ በሌሊት ልብስ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ወርዷል! በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ደግሞ ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፍርሷል። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ነን። ቱርክ ውስጥ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሲያልቅ፣ መሐንዲሶች ፍርስራሹን እየመረመሩ ደጋግመው ያነሱት ይህንኑ ነው፤ የተራራቀ ስታፋ፣ በ90 ዲግሪ የታጠፈ መንጠቆ፣ ስታፋ የሌለው መጋጠሚያ። የግንባታ ኮዱ እዚያም ነበረ። እዚህም አለ፤ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚናገረው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 8፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በአውሮፓው ኮድ ላይ የተመሠረተው ስታንዳርድ ተተክቷል። ኮዱ የተጻፈው ለዲዛይነሩ ነው። ፌሮውን በእጁ የሚያጥፈው ልጅ ጋ እንዴት ይድረስ የሚለው ነው የእኔ ጥያቄ።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። እኔ ስጀምር ፌሮ የሚቆረጠው በብረት መጋዝ ነበር፤ የሚታጠፈው ጣውላ ላይ በተመታ ብረትና በረጅም ቁልፍ ነበር። ዛሬ መካከለኛ ሳይት ላይ ሳይቀር የኤሌክትሪክ መቁረጫና ማጠፊያ አለ። የማጠፊያው ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ከሁሉ የማስበልጠው ማዕዘኑን ነው። 135 ላይ ካሰርከው ጠዋትም ማታም፣ የጠገበውም የራበውም ልጅ 135 ያወጣል። ሰውነት ሲደክም ማዕዘን ይሰፋል፣ ማሽኑ ግን አይደክምም።

ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራው የማሰሪያ ማሽን ነው። የጃፓኑ ማክስ ኩባንያ ነው ያስተዋወቀው። አፉን ፌሮው ላይ ታስጠጋለህ፣ ትጫናለህ፣ በአንድ ሰከንድ ገደማ ሽቦው ተጠምዝዞ ያልቃል። ኤሚሬትስ ሠርቶ የተመለሰ ጓደኛዬ አንዱን ይዞ መጥቶ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ላይ ሲያስር ልጆቹ ሥራ አቁመው ከበቡት። ለሶሌታ ረጅም እጀታ ይገጠምለታል፤ ቆመህ ታስራለህ። ቀኑን ሙሉ እንደ ኩርንችት ተቆልምሞ በጉጠት ያሰረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተመራማሪዎችም ድልድይ ላይ የሚያስሩ ሠራተኞችን አጥንተው፣ ረጅም እጀታ ያለው ማሽን የወገብን መጎንበስ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እኛ አገር ችግሩ ዋጋውና ሽቦው ነው። ጥቅልሉ ለማሽኑ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከመደብር በኪሎ የምንገዛው ጥቁር ሽቦ አይገባለትም። ስለዚህ ገና የብዙኃኑ መሣሪያ አልሆነም። ቢሆንም ከእኔ የሚያንሱ ልጆች አርባ ዓመት ሲሞላቸው ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ስለምፈልግ፣ በቡድናችን የቁጠባ ሳጥን የመጀመሪያው ዕቅድ እሱ ነው።

ስለ ፌሮ መፈለጊያው መሣሪያም አንድ ነገር ልበል። አርማታ ከተሞላ በኋላ ግድግዳውን እየዳሰሰ ፌሮ የት የት እንዳለና ሽፋኑ ስንት ሚሊ እንደሆነ የሚናገር መሣሪያ አለ፤ አማካሪ መሐንዲሶች ያመጡታል። ስታፋ ይቆጥራል፣ ርቀቱን ይለካል። የመንጠቆውን ማዕዘን ግን በቅጡ አያሳይም። እሱን የሚያሳየው ከሙሌት በፊት የሚነሳ ፎቶ ነው። ለዚህ ስልክ በቂ ነው። በእኛ ቡድን እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጣውላው ከመዘጋቱ በፊት ሜትሩ ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳል፣ የሳይት መሐንዲሱ ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን «ፌራዮ ፎቶ አንሺ ሆነ» ያሉን ነበሩ። አሁን አማካሪው ራሱ ፎቶው ካልገባ ሙሌት አያስጀምርም።

ሥልጠናን በተመለከተ የእኔ ትውልድ የወጣው ከኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 ዓ.ም. ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው ግንባታ ወደ ሌላው ከተማ ሲሰፋ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ብዙ ወጣቶች ብሎኬት፣ ፕሪካስት ቢምና ፌሮ የተማሩት እዚያው ሥራው ላይ ነው። እኔም ጀሞ ላይ ሌበር ሆኜ ገብቼ፣ ካቦዬ ጥሩ ሰው ስለነበር፣ ጉጠት አስይዞኝ ወጣሁ። ካቦዬ «ለምን» ስለው የሚመልስ ሰው ነበር። እንደ እሱ ያለ ካቦ ያላጋጠመው ልጅ ግን የተማረው «እንዲህ አድርግ» የሚለውን ብቻ ነው። የሙያው ደረጃ በወረቀት አለ፤ ባር ቤንዲንግና ኮንክሪቲንግ የሚባል የሙያ ዘርፍ ተቀርጾለት፣ በሲኦሲ (በሙያ ብቃት ምዘና) በጽሑፍም በተግባርም ይፈተናል። ወረቀቱን ይዞ የሚመጣ ልጅ ስዕል ማንበብ ይችላል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚጎድለው ወረቀቱ ዋጋ የሚያገኝበት ቦታ ነው። ሲኦሲ ያለውም የሌለውም በኪሎ እኩል ከተከፈለ፣ ልጁ ለምን የሁለት ሳምንት ገቢ ትቶ ይፈተናል?

እኔ አዲስ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ፌሮ አላስይዘውም ማለት ይቀናኛል፤ እውነቱ ግን አስይዘዋለሁ፣ የሚያጥፈውን ግን እንዲፈታው አደርጋለሁ። አንድ ስታፋ በ90፣ አንድ በ135 አጥፎ፣ በአራት ቋሚ ላይ አስሮ፣ መንጠቆዎቹን በቁልፍ ወደ ውጭ እንዲስብ እነግረዋለሁ። 90ው በአንድ እጅ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ኮድ ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም።

የመብቱ ነገር ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የደኅንነት መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ እንዲከፈለው ይላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ መብቶች መካከል መድቦታል። ፌራዮ ግን በማን ሥር ነው? ኮንትራክተሩ «የሰብ ኮንትራክተሩ ሠራተኛ ነው» ይላል፣ ሰብ ኮንትራክተሩም ከእኛው አንዱ ነው፣ ኪሱም እንደ እኛው ነው። አንድ ሳይት ላይ ከሶሌታ ጫፍ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ልጃችን የታከመው በእኛ መዋጮ ነው፤ ቀበቶም አልነበረም፣ ውልም አልነበረም።

ለዚህ ነው ስለ መደራጀት ደጋግሜ የማነሳው። አብዛኛው የፌራዮ ቡድን ከአሥር ሰው በታች ስለሆነ «ማኅበር አይፈቀድልንም» ይባላል። አዋጁ ግን ከአሥር ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በጋራ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ አባላቱ ከአሥር እንዳያንሱ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በአንድ ሰፈር ሦስት ቡድን ካለ ይበቃል። እኛ ከሁለት ጎረቤት ቡድኖች ጋር እየተነጋገርን ነው። ጥያቄዎቻችንም ተጽፈዋል። ከ10 ሚሊ በታች ያለው ፌሮ ከወፍራሙ ተለይቶ በራሱ ዋጋ ይታሰብ፤ የመጋጠሚያ ስታፋ ደግሞ በኪሎ ሳይሆን በቁጥር ይከፈል፤ 135 ዲግሪ ያልታጠፈውም አይቆጠር።

አንድ ኮንትራክተር የመጀመሪያውን ተቀብሎ ፈርሟል። ሁለተኛውን «ማን ይቆጥረዋል?» ብሎ መለሰው። ፎቶዎቹን ይዤ ሰኞ ቢሮው እሄዳለሁ፤ በየመጋጠሚያው ያለው ስታፋ እዚያው ላይ ይቆጠራል።