14 ጎማ

በውስጥ ኦዲተርነት ስሠራ፣ በዓመቱ ቆጠራ 14 የመኪና ጎማ ጎደለ። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ አለ፣ መጋዘኑ ውስጥ የለም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ልጅ ከተቀጠረ ገና ስምንተኛ ወሩ ነበር። አስጠርቼው በሩን ዘጋሁና «ጎማዎቹን ለማን ሸጥሃቸው?» ብዬ ጀመርሁ። መሸጥ አለመሸጡን አልጠየቅሁም።

ልጁ አቀረቀረ። ዓይኑን የሰበረ ይዋሻል የሚል ትምህርት ከአንድ ሥልጠና ይዤ ነበር። በአባት ዕድሜ ካለ ሰው ፊት ዓይን መስበር ጨዋነት በሆነበት አገር ይህን ማመኔ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ሦስት ሰዓት ያህል አፋጠጥሁት። «ቅዳሜ ነጭ ፒክአፕ ጎማ ጭኖ ሲወጣ ታይቷል» ብዬ ፈጠርሁበት። «ካመንህ ከደመወዝህ እየተቆረጠ ያልቃል፤ ካልሆነ ፖሊስ ነው።» ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ «እሺ ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ።

በሳምንቱ ጎማዎቹ ክፍለ ሀገር ካለው ቅርንጫፍ ተገኙ። ልጁ ታሞ በቀረበት ሰሞን የተካው ባልደረባ ሞዴል 22 የሚባለውን የዕቃ ወጪ ደረሰኝ ቆርጦ ልኳቸው፣ ካርዱ ላይ ሳይመዘግብ ቀርቷል።

የፈረመበትን ቃል መልሼ አነበብሁት። ቅዳሜው፣ ነጩ ፒክአፕ፣ ሁሉም ከእኔ አፍ የወጣ ነው። ከራሱ የጨመረው ዋጋውን ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ገንዘብ ያለቀለት ጎማም አይገዛም። ያን ጊዜ ግን የሌባ ዋጋ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ካሲንና ኪችል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1996 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተሙትን ጥናት ያገኘሁት ከዚህ በኋላ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጽፉ አሜሪካውያን ተማሪዎችን፣ ያልነኩትን ቁልፍ ነክታችሁ ማሽኑን አበላሻችሁ ብለው ወነጀሏቸው። 69 በመቶው የእምነት ቃል ፈረሙ፤ 28 በመቶው እንዲያውም በእርግጥ ማጥፋታቸውን ተቀበሉ። «አይቻለሁ» የሚል ሐሰተኛ ምስክር ሲጨመር የሚያምነው ሰው በዛ። የእኔ ነጭ ፒክአፕ መሆኑ ነው።

ዛሬ ሰው ስጠይቅ «ያን ቀን ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ» እልና ዝም እላለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ዝምታው ነው።

ይቅርታ ልጠይቀው ስጠራው ልጁ እንደገና አቀረቀረ። ለምን እንዳመነ ጠየቅሁት።

«እርስዎ እንደዚያ እርግጠኛ ሲሆኑ፣ ምናልባት አጥፍቼ ይሆናል አልሁ» አለና ጥቂት ቆይቶ፣ «ደግሞ ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ነበር» አለኝ።