በልግና በጀት፦ የምርምር ድጋፍ ያገኘሁበት መንገድ

የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ወድቋል። ከገምጋሚዎቹ የመጣው አስተያየት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ችግሩ እውነት ነው። በዚህ ገንዘብና በዚህ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ግን አልታየንም» ይላል። ሁለት ወር ሙሉ ደሴ ቤቴ ተቀምጬ የጻፍኩት ሥራ ስለነበር በጣም ከፋኝ። ቆይቼ ሳነበው ግን ልክ ነበሩ።

ርዕሱ ስለ ወሎ ደጋ የምግብ ዋስትና ነበር። የ1966ቱን ረሃብ አነሳሁ፣ የ1977ቱን አነሳሁ፣ ስለ ዓለም የአየር ንብረት ለውጥ አንድ ገጽ ጨመርኩ። እኔ ልሠራው ያሰብኩት ነገር የመጣው አምስተኛው ገጽ ላይ ነው። እነዚያን ዓመታት የማያውቅ ገምጋሚ የለም። ሰውየው በአንድ ሳምንት ብዙ ፕሮፖዛል ማንበብ አለበት። መጀመሪያ የሚፈልገው ጥያቄዬን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ከመጻፌ በፊት ወደ ደጋው ወጣሁ። ከደሴ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ፣ በጉጉፍቱ በኩል። ብርዱ አጥንት ይገባል። በዚያ አካባቢ ብዙ ገበሬ ገብሱን የሚዘራው በበልግ ነው። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ውሃ ይይዛል፣ መኸሩ ሳይደርስ ደግሞ ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ በልግ ቀረ ማለት የዓመቱ ቀለብ ቀረ ማለት ነው።

የቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ሰዎች ተሰብስበው ቡና ተፈላ። ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቅን። መጠይቄን ይዤ ነበር፣ ግን አላወጣሁትም። አንድ አዛውንት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ዝናቡማ ይመጣል። አመጣጡ ነው ያስቸገረን። የካቲት ላይ ይጀምርና ጥሎን ይሄዳል። ቶሎ የዘራ ዘሩን ያጣል። ሁለተኛውን ዝናብ የጠበቀ ደግሞ ገብሱ ሳይደርስ ክረምት ይገባበታል።»

ከአምስት ገጼ ይልቅ ይህ ንግግር ፕሮፖዛል ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መዝራት ይሻላል ወይስ መጠበቅ? ቶሎ የሚደርስ ዘር ቢኖር መጠበቁ ያዋጣል? ይህ በማሳ ላይ ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ጥያቄውን የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀመጥኩት። የ1977ቱ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ጓደኞቼ የሚወድቁት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የፕሮፖዛል ጥሪ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ ገንዘቡ እጅ እስኪገባ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ የግዥ ሂደት አለ። የበልግ ዘር ደግሞ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ መሬት ይፈልጋል። አጨዳው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ማለትም ምርቱ የሚሰበሰበው ልክ ሒሳቡ በሚዘጋበት ሰሞን ነው።

ይህን እኔ አላየሁትም ነበር። ያየችው በመሥሪያ ቤታችን ፋይናንስ የምትሠራ እህት ናት። ረቂቁን ሰጠኋት፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ወንድሜ፣ ይሄ የአጨዳ ገንዘብ እኮ ሰኔ 30 ካለፈ ተመላሽ ነው። ሐምሌ ላይ ሠራተኛውን በምን ልትከፍል ነው?» አለችኝ። ክው አልኩ። ጥናቱን የሁለት በጀት ዓመት አደረግኩት። ዘር፣ ማዳበሪያና የዝናብ መለኪያ በመጀመሪያው ዓመት ቀድመው ይገዛሉ። የአጨዳ፣ የውቂያና የሚዛን ወጪ ሁለተኛው ዓመት ላይ ገባ። በአንድ ሰንጠረዥ ላይ የዝናቡን ወራት ከላይ፣ የገንዘቡን ወራት ከታች አሰለፍኩ። ምክንያቱንም በሦስት መስመር ጻፍኩ። በኋላ ገምጋሚዎቹ በአስተያየታቸው ያነሱት ይህንኑ ሰንጠረዥ ነው።

እውነቴን ነው፣ ፕሮፖዛላችሁን ከፕሮፌሰሩ በፊት ለፋይናንስ ሰው አስነብቡ። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መግባቱን ያያሉ። አበል በመንግሥት ተመን መሠራቱን ያያሉ። ዋጋውን በግምት አትጻፉ፤ ፕሮፎርማ፣ ማለትም ሻጮች የሚሰጡትን የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰብስቡ። ነዳጅ ስታሰሉ ደሴ ደርሶ መልስ ብቻ ሳይሆን ከአስፋልት ወጥቶ ቀበሌው ድረስ ያለውን ጥርጊያ መንገድ ጭምር ቁጠሩ።

አንድ የከበደኝ ክፍል ነበር፤ «ያለን አቅምና መሣሪያ» የሚለው። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ውስጥ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ የእኛም ቤተ ሙከራ አልተረፈም። ያንን መጻፍ ያማል። አንዳንድ ባልደረባ «ዝም ብለህ ሙላው» አለኝ። አልሞላሁትም። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ብዬ ጻፍኩ። የአፈር ናሙናው ሌላ ቤተ ሙከራ እንዲመረመር አስቀድሜ ተስማማሁና የስምምነት ደብዳቤውን አባሪ አደረግኩ። በእኔ እምነት እውነቱን ከነመፍትሔው ማቅረብ ገምጋሚውን ያሳምነዋል። ባያሳምነው እንኳ የሌለ መሣሪያ ጽፎ ድጋፉን ማግኘት በኋላ የሚያስጨንቀው ራስን ነው።

ሌላው ቀላል ነው። የጥሪውን መስፈርት አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የገጽ ገደብ ካለ አክብሩ። የኃላፊ ፊርማና ማህተም የሚያስፈልገውን ወረቀት በመጨረሻው ቀን አትጀምሩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ሊሄድ ይችላል።

ድጋፉ ተፈቀደ። የጠየቅነው ሙሉ ገንዘብ ግን አልነበረም። ቡድኑ ከሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ እንቀንስ አለ። እኔ እንቢ አልኩ። ልንሠራባቸው ካሰብናቸው ሦስት ቀበሌዎች አንዱን ተውን፣ የቀሩትን ሁለቱን እንደታቀደው ሠራን። የተውነው ቀበሌ ገበሬዎች ጋ ሄጄ በአካል ይቅርታ ጠየቅኩ። ቡና አጠጥተው «አብሽር» ብለው ሸኙኝ። እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ገብሱን ስናጭድ እኒያ አዛውንት ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሚዛኑ ላይ የወጣውን እያንዳንዱን ጆንያ ቆመው አዩ። የትኛው ማሳ መቼ እንደተዘራ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ደህና። በልጉ ጭራሹን ሲቀርስ ምን እናድርግ?» አሉኝ።

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ እንዳሉት ጻፍኩት። የሚቀጥለው ጥሪ ሲወጣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚገባው ጥያቄ እሱ ነው።