ከአዘዞ ቁልቁል፦ የአክስቴ አሥራ ሁለት መንገዶች

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ አክስቴን ከደምቢያ አምጥተን ጎንደር ሆስፒታል ባስተኛናት ጊዜ፣ የመረመራት ወጣት ሐኪም በእንግሊዝኛ ከሞላው ወረቀት ውስጥ ለእኛ በአማርኛ የነገረን አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አቋርጠዋል» አለን። የደም ብዛት ኪኒኗን ሐምሌንና ነሐሴን አልወሰደችም። ግፊቷ ከ200 በላይ ደርሶ፣ ነስሯት፣ ዓይኗ ብዥ ብሎባት ነበር የመጣችው። ሐኪሙ በትሕትና ነበር የጠየቃት፤ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። በየወሩ አንዴ ብቅ ብሎ ኪኒን መቀበል ምን ያቅታል ብዬ በሰው ፊት ተናገርኋት። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለችኝ። ተሽሏት ወደ ቀዬዋ ከተመለሰች በኋላ ግን ያ ዝምታ አላስተኛኝም፤ እናም የጥቅምት ቀጠሮዋ ሲደርስ አብሬያት ሄጄ መንገዱን ለማየት ቆረጥሁ።

ጥቅምት 21 ማክሰኞ ጠዋት ከአዘዞ ሚኒባስ ያዝሁ። ጎንደር ደጋ ላይ ተቀምጣ ደምቢያን ቁልቁል ታያለች፤ አዘዞን ለቅቆ ወደ ቆላ ድባ የታጠፈ ሰው አየሩ ሲከብደው፣ አፈሩ ሲጠቁርበት ይታወቀዋል። ያ ጥቁር አፈር፣ የአገሬው ሰው ዋልካ የሚለው፣ በጥቅምት እየደረቀና እየተሰነጣጠቀ ስለሚሄድ እግር ይችለዋል፤ ጤፉም በግራና በቀኝ ገና ሊያሸት ሲል ሜዳው ሁሉ አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። ከጎንደር ቆላ ድባ ድረስ ያለው ወደ 35 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር በልቤ ይዤ ነበር የሄድሁት፤ «ይህች ምን አላት» የሚያሰኝ ቁጥር ነው።

ቆላ ድባ ላይ ሻይ ለመጠጣት ስወርድ ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ሲያልፉ አየሁ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለቡድን ሥልጠና የወጡ ናቸው፤ የጤና መኮንኑ፣ ነርሱ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያውና የላቦራቶሪው ተማሪ በአንድነት ከተማውን ቤት ለቤት ያጠናሉ። ይህ ልማድ በዚህ ቦታ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ የደምቢያን ሜዳ ወባ ክፉኛ ከመታው በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ አግዘውት ነበር። ኮሌጁ የተነሣው የሆስፒታል ሐኪም ለማፍራት አልነበረም፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ በአንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር፤ ተማሪዎቹም ከሚለማመዱባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ቆላ ድባ ነው። ዓለም «የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ክብካቤ» የሚለውን ሐሳብ በሶቪየት ኅብረት በአልማ አታ ከተማ በተደረገ ጉባኤ በይፋ ያወጀው ከዚህ ሃያ አራት ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ጉባኤው ጳጉሜ 1 ቀን 1970 ዓ.ም. ተጀምሮ መስከረም 2 ቀን 1971 በመጠናቀቁ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል እነርሱ መግለጫውን እያረቀቁ ነበር ማለት ይቻላል። የጎንደር ሰው በፋሲል ግንብ የሚኮራውን ያህል በዚህ ሲኮራ አልሰማሁም።

ከቆላ ድባ አልፌ በጎርጎራው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወረድሁ። የአክስቴ ጤና ጣቢያ ያለው እዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ መኪና የለም። አንድ የአክስቴ ጎረቤት ገበያ ውሎ ሲመለስ አገኘኝና አብረን ሄድን፤ እርሱ እየቆመ እየጠበቀኝ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በመካከሉ ወንዝ አለ። በጥቅምት ውኃው ከጉልበት በታች ነበር፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ተሻገርሁ። ጎረቤቱ የክረምቱን የውኃ ልክ በዳርቻው ባለ ግራር ላይ አሳየኝ፤ የተጠላለፈ ገለባና ጭራሮ ከእኔ ቁመት በላይ ተንጠልጥሏል።

ዕለቱ የወሩ ማርያም ስለነበር አክስቴ ሥራ አልያዘችም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ላይ ደረስሁ። ስለ ሕመም ያልተነሣ ነገር አልነበረም። ምች ለመታው ዳማከሴ፣ ለተሰበረ ወጌሻ፣ ለሌላው ጠበል፤ ወባ ግን «ኬላ» ነው አሉኝ፣ የቀበሌውን ጤና ኬላ ማለታቸው ነው፤ ሠራተኛዋ ጣት ወግታ ወዲያው ትነግረናለች፣ ኪኒኑንም እዚያው ትሰጠናለች። አክስቴ እናቷ የነገረቻትን ጨመረች። በዚያ በንዳዱ ዘመን የታመመውን የሚያስታምም፣ የሞተውን የሚቀብር ጠፍቶ፣ ከብቱ እረኛ አጥቶ ሜዳው ላይ ይንከራተት ነበር አለች። ወባን በእጃቸው እንዳለ ነገር ማውራታቸው ከዚያ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነገር መሆኑን ያስተዋልሁት ሌሊት አጎበር ውስጥ ተኝቼ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጤና ኬላውን ልይ ብዬ ሄድሁ። ከአክስቴ ቤት ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፤ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ደብተሬን አውጥቼ «ዝግ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ይህን ቃል የጻፍሁበት ፍጥነት በኋላ ሲያሳፍረኝ ነበር፤ በመስከረም ከተናገርሁት ጋር አንድ ዓይነት ነበርና። አንዲት ውኃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ «ዛሬ ታች ሰፈር ናት» አለችኝና መንገዱን አመላከተችኝ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያገኘኋት አንድ ግቢ ውስጥ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ግድግዳው ያላለቀ ሽንት ቤት አጠገብ ቆማ ከባለቤቱ ጋር ስትከራከር ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ አንድ ዓመት ሠልጥና፣ በተወለደችበት ቀበሌ መመደቧን ነገረችኝ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም የታሰበው እንዲሁ ነው፦ ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሰው፣ ሁለት ሴት ሠራተኞች፤ ሥራቸውም ሲጀመር 16 ፓኬጆች፣ ከሽንት ቤትና ከክትባት እስከ ቤተሰብ ምጣኔ። መጀመሪያ ላይ ከሥራ ጊዜያቸው ሦስት አራተኛውን ቤት ለቤት እንዲያሳልፉ ነበር የታቀደው። ስለዚህ በሩ የተዘጋው ሥራ ስለቀረ ሳይሆን ሥራው እንደ ደንቡ ስለተሠራ ነበር። ሆኖም ሕዝቡ ጤና ኬላ የሚለው በሩን ነው። ልጁ ያተኮሰው አባት ሃያ ደቂቃ ሮጦ ቁልፍ ካገኘ፣ ስለ ፓኬጁ ማስረዳት አያረካውም። ባልደረባዋ በወሊድ ፈቃድ ላይ መሆኗን ስትነግረኝ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በር ላይም ታች ሰፈርም መሆን አይችልም።

ስለ አክስቴ ጠየቅኋት። ታውቃታለች፤ የቤተሰብ ማኅደሯም ኬላው ውስጥ አለ።

«ግፊታቸውን እለካለሁ፤ ለነፍሰ ጡሮች የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ» አለችኝ። «ሐምሌ ላይም ለክቼ ከፍ ማለቱን ነግሬያቸዋለሁ። ኪኒኑን መስጠት ግን አልችልም። ጤና ጣቢያ ሂዱ ብዬ ጻፍሁላቸው።»

«በሐምሌ? ወንዙስ?»

«እሱን እኔም አውቀዋለሁ» ብላ ወደ ሽንት ቤቱ ክርክር ተመለሰች።

ይህን ያህል የሰማሁት በቃኝ። ይህች ልጅ ለወባ መርምራ መድኃኒት ትሰጣለች፤ የሕፃን ሳንባ ምች ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው አሠራር እዚያው በፀረ ባክቴሪያ ታክማለች፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ትቀብራለች። ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ እንድትሰነብት ትልካለች፤ ምጥ ድንገት ከመጣም ጎረምሶች በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ያደርሷታል፣ ከዚያ አምቡላንስ ይጠራል። ይህ ሁሉ የተበጀው አንድ ጊዜ ለሚመጣና ለሚያልፍ ነገር ነው፤ ለትኩሳት፣ ለምጥ፣ ለክትባት። ደም ብዛት ግን አይመጣም፣ አያልፍም፤ አብሮ ይኖራል። ለአንድ ቀን ሃያ ሰው ተሰብስቦ ቃሬዛ ይሸከማል፤ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በእግሯ ለምትሄድ፣ ደህና ለምትመስል የ67 ዓመት ሴት ግን ማን ቃሬዛ ያነሣል? እርሷስ ብትሆን በየትኛው ዓይኗ ቃሬዛ ላይ ትወጣለች?

ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። አክስቴ ዘንግ ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ ባዶ ሆዷን ናት፤ ደም ይወስዱብኝ ይሆናል ብላ ነው እንጂ ማንም ጹሚ አላላትም። በወንዙ ዳር ስንደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ አለፈች፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ግድ የለውም። ፀሐይ ስትወጣ እግሯ ከበዳትና ሦስት ጊዜ አረፍን። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ መስከረሙ ቁጣዬ አላነሣችም።

ጤና ጣቢያው ሥራውን ሲጀምር በረንዳው ሞልቶ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሯን አሳየች፤ የዓመቱን መዋጮ ስለከፈለች ካርዱም ምርመራውም ገንዘብ አይጠየቅባትም። ለዚህ መድን ክፉ ቃል የለኝም፤ የመስከረሙን የሆስፒታል ወጪ የሸፈነልን እርሱ ነው። ተራዋ ሲደርስ ለሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል የተመደበች ነርስ ተቀበለችን። ይህም የጎንደር ልማድ ነው፤ ከሆስፒታሉ የሚጥል በሽታ፣ የስኳርና የደም ብዛት ታማሚዎች ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ እንዲሆን የጎንደር ሐኪሞች ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህ ባይሆን ኖሮ አክስቴ በየወሩ የምትመጣው እስከ ጎንደር ድረስ ነበር።

ነርሷ ግፊቷን ለካች፤ 160 በ95። የሆስፒታሉን ወረቀት አነበበችና ቀና አለች።

«እማማ፣ ለምንድን ነው ያቋረጡት?»

አክስቴ ወደ እኔ ሳታይ መለሰች።

«ልጄ፣ ወንዙን ማቋረጥ ብችል መድኃኒቱን አላቋርጥም ነበር።»

ነርሷ ሳቀች፤ ተረኛ ሕመምተኞችም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከመስከረም ጀምሮ በልቧ ይዛው የቆየችው መልስ ነበር፣ ለሐኪሙም ለእኔም።

ከታዘዙላት ሁለት ኪኒኖች ኤናላፕሪሉ ነበር፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ አልቋል ተባለ። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለ የግል መድኃኒት ቤት ገዛሁላት፤ ዋጋው የከበደ አይደለም፣ ግን እኔ ባልኖር ሌላ ወር በአንዱ ብቻ ትሄድ ነበር። የሁለት ወር አድርገሽ ብትሰጫትስ ብዬ ነርሷን ለመንኋት። የሚመጣላቸው መድኃኒት ለሁሉም የወር የወር እንኳ በጭንቅ እንደሚዳረስ፣ ደግሞም ግፊቷ ገና ስላልወረደ በየወሩ ማየት እንዳለባት አስረዳችኝ። ሁለተኛው ምክንያት አሳመነኝ። ለክረምቱ ግን ሰኔ ላይ ብትመጣ የሦስት ወር ለመስጠት እንደምትሞክር ነገረችን፤ «ያኔ መድኃኒቱ ካለ» አለች።

ቀጠሮውን ኅዳር 21 ብላ ጻፈች።

«በማርያም! ጽዮንን ትቼ?» አለች አክስቴ።

ነርሷ ሰርዛ ኅዳር 20 ብላ ጻፈችላት። አክስቴ ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ስንመለስ ወንዙ ዳር ተቀምጠን እግራችንን አሳረፍን። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት እያለች በጣቷ ቆጠረች፤ አንደኛው እጇ ሲያልቅ ወደ ሁለተኛው አለፈችና ሰኔ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ግራሩ ላይ የተንጠለጠለውን ገለባ አየች።

«ስምንት» አለችኝ፤ ዘንጓንም አንሥታ ወደ ውኃው ገባች።