ቅርንፉዱ

ጸጉር አስተካካይ የሆንኩት መቀስና ማሽን ወድጄ አይደለም፤ ሽታው ስቦኝ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ተላጭቶ ሲመጣ ከአንገቱ ሥር የሚያውደኝ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፦ ላቬንደር፣ ኦክሞስ የሚሉት የዛፍ ሽበት፣ ድርቆሽ ድርቆሽ የሚል ኩማሪን። ይህን ቅይጥ ያስለመደው ሁቢጋን የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት በ1882 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፉዤር ሮያል ነው። ዛሬ የወንድ ሽቶ ብለን ከምንገዛው ስንቱ የሱ የልጅ ልጅ ነው!

እኔ ግን አገር አገር የሚል ፈለግሁ። አያቴ ቅርንፉድ በክር ሰክታ አንገቷ ላይ ታደርግ ነበር፤ ጓሮዋ ጠጅ ሳር ነበረው። ሁለቱን በጺም ሳሙና ላገናኛቸው ተነሳሁ።

ሳሙናውን ቤቴ ነው ያበሰልኩት። የገላ ሳሙና በካስቲክ ሶዳ ይሠራል፤ የጺም ሳሙና ላይ ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይበዛል። ለስለስ የሚያደርገው፣ በብሩሽ ሲመታም አረፋው እንደ እርጎ እንዲወፍር የሚረዳው እሱ ነው። ከቅባት የሚገኘው ስቴሪክ አሲድ ደግሞ አረፋው ፊት ላይ ቶሎ እንዳይከስም ይይዘዋል። ይህን ሁሉ በግራም መዝኜ ነው የሠራሁት፤ በዚህ ቀልድ የለም። ሽታው ላይ ስደርስ ግን ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋሁና በአፍንጫዬ ገባሁበት።

ማታ የሁለቱን ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩ፤ ሸተተኝ። ጠዋት ሳሸተው የለም። ጨመርኩ። ከሰዓት ደግሞ የጠጅ ሳሩ ሳሳብኝ፣ እሱንም ቅርንፉዱንም ጨመርኩ። አፍንጫ አንድ ሽታ ውስጥ ሲውል ይሰለቸውና መስማት ያቆማል፤ ጎረቤቴ ግን በር ላይ ቆማ «ዛሬ ምን እየሠራህ ነው፣ ደረጃው ሁሉ ቅርንፉድ ሆነ» ስትለኝ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ቅዳሜ ሹር ነበር። ወረፋው በረንዳ ድረስ ወጥቷል። አንድ የቆዩ ደንበኛችን፣ አባባ ነው የምንላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው የራሳቸውን ቄጤማ ፈቱና መስታወቱ ጥግ ሰቀሉት። ፊታቸውን በሙቅ ፎጣ ሸፈንኩ፤ ከዚያ ያንን ሳሙና በኩራት መታሁት።

«ምንድነው ይሄ? የጥርስ ሐኪም ቤት ሸተተኝ።»

«የእጄ ሥራ ነው አባባ። ቅርንፉድ ነው።»

«ቅርንፉድማ የማውቀው ሻይ ውስጥ ነው።»

ወረፋው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። (እውነታቸውን ነበር፤ የቅርንፉድ ዘይት ዋና ነገሩ ዩጅኖል ነው፣ የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል።) አንዴ ላጨሁ፣ ለሁለተኛው ዙር ደግሜ ቀባሁ። መጀመሪያ «ይሞቃል» አሉ። ቀጥሎ «ልጄ፣ ይለበልባል» አሉና ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። አረፋውን ስጠርገው ከጉንጫቸው እስከ አንገታቸው በርበሬ መስሏል።

የዚያን ጊዜ ያደረግኩትን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፦ በልማድ እጄ ወደ አልኮሉ ሄደ። የቤቱ ባለቤት ከጎኔ ወንበር ሆነው እጄን ያዙኝ። «ውሃ! ቀዝቃዛ!» ፊታቸውን ደጋግመን በውሃ አጠብን፣ ቀዝቃዛ ፎጣ አደረግን። ሂሳብ አልተቀበልንም። አባባ ቄጤማቸውን መልሰው አስረው ወጡ፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ማታ የቅርንፉድ ዘይቱን ብልቃጥ ሳየው ከአሥር ሚሊ ሊትሩ አራቱ የለም። ሳሙናው 150 ግራም ነው። ቆዳ ላይ ለሚውል ነገር የቅርንፉድ ዘይት ከግማሽ በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ እኔ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው የጨመርኩት። ጠጅ ሳሩም ለብቻው ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር አለው። ያ ሁሉ በሙቅ ፎጣ በለሰለሰ፣ ምላጭ በፋቀው ፊት ላይ።

ባለቤቱ የጅማ ሰው ናቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ «ዝባድ ታውቃለህ፣ የጥርኙን?» አሉኝ። «በቀንድ ታሽጎ እንዳለ አሽትተው፣ አፍንጫህን ይዘህ ትሮጣለህ። ፈረንሳዮቹ ሲያቀጥኑት ነው ሽቶ የሆነው።» ከበዓሉ በኋላ ወርቅ ቤቶች የሚይዙትን ዓይነት ትንሽ ሚዛን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ሌላ አልጨመሩም።

አሁን ለ150 ግራም ሳሙና ቅርንፉዱ ከግማሽ ግራም አያልፍም። መጀመሪያ ክንዴ ላይ ቀብቼ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ፤ ደንበኛውንም ሳልጠይቅ አልቀባም።

አባባ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጡ። በእኔ ወንበር ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዛሬ ሻዩን ተወው» አሉኝ።