ኮፒ የተደረገው ሌላ፣ ፔስት የሆነው ሌላ

ተረኛው ባለሙያ የታዘዘው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ላፕቶፑ ላይ ካለ ፋይል አዲሱን የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም ሌላ አገልግሎት ለመጠቀም የሚያሳየውን ምስጢራዊ ኮድ) ኮፒ አድርጎ ዋናው ሰርቨር ላይ መተካት። ሰርቨሩ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ አጭር የባሽ ስክሪፕት አለ፤ ባሽ የሚጻፍለትን ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮግራም (ሼል) ነው፣ ስክሪፕት ደግሞ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል። ቁልፉን በሪድ (አንድ መስመር በሚያነብ ትእዛዝ) ይጠይቃል፣ የሚገባውን ፊደል ሳያሳይ ይቀበላል፣ ኮንፊግ ፋይሉ (የአገልግሎቱ ቅንብር የተቀመጠበት) ውስጥ ይጽፍና አገልግሎቱን እንደ አዲስ ያስነሳል።

ባለሙያው ፋይሉን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያሳልፈው ምልክት) ኮፒ ወደሚያደርገው ኤክስክሊፕ ላከ። ኤክስክሊፕ ምንም አላለም፤ ሲሳካለትም ዝም ነው የሚለው። ስክሪፕቱ ሲጠይቀው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልታየም፤ መታየትም አልነበረበትም። ስክሪፕቱ ሥራውን ጨርሶ ወጣ። ወዲያው ፕሮምፕቱ (ባሽ ትእዛዝ የሚጠብቅበት መስመር) ላይ ማንም ያልጻፈው የማጥፊያ ትእዛዝ ብቅ ብሎ ተፈጸመ። ከሥሩ ደግሞ አንድ የማስነሻ ትእዛዝ ተደርድሮ ኤንተር እየጠበቀ ቀረ። ደቂቃ ሳይሞላ ሎጉ (የአገልግሎቱ መዝገብ) በ401 ስህተት፣ ማለትም ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም በሚል መልስ፣ ተጥለቀለቀ።

ኮንፊግ ፋይሉ ሲከፈት በቁልፉ ቦታ የተገኘው አገልግሎት የማቆሚያ ትእዛዝ ነው። ባለሙያው ከአንድ ሰዓት በፊት ለሙከራ ሰርቨር ብሎ ከቡድኑ ማስታወሻ ሦስት መስመር ኮፒ አድርጎ ነበር፦ አቁም፣ ካሹን አጥፋ፣ አስነሳ። ፔስት የሆኑት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ቁልፉ የት ገባ? በኤክስ11 (ሊኑክስ ላይ መስኮቶችን በሚያሳየው ሥርዓት) ላይ ኮፒ የተደረገ ነገር የሚቀመጥበት ኪስ አንድ ብቻ አይደለም። ፕራይመሪ የሚባለው ጽሑፍ በማውስ ሲመረጥ ይሞላል፤ የሚወጣውም የማውሱ መካከለኛ ቁልፍ ሲጫን ነው። ክሊፕቦርድ የሚባለው በኮንትሮል ሲና በኮንትሮል ቪ የሚሠራው ነው። ኤክስክሊፕ ምንም ካልተነገረው የሚጽፈው ፕራይመሪ ላይ ነው፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) በኮንትሮል ሺፍት ቪ ያወጣው ግን ከክሊፕቦርድ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኤክስሴልም (የሠንጠረዡን ኤክሴል ማለታችን አይደለም) ጠባዩ ያው ነው። ኤክስክሊፕ «-ሰሌክሽን ክሊፕቦርድ» ወይም በአጭሩ «-ሴል ሲ»፣ ኤክስሴል ደግሞ «-ቢ» መባል አለባቸው። ይህን በየጊዜው አስታውሶ መጻፍ አስተማማኝ ስላልሆነ የሼሉ ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ በአሊያስ (ለረጅም ትእዛዝ በሚሰጥ አጭር ስም) ማሰር ይሻላል። ማክ ላይ ፒቢኮፒና ፒቢፔስት፣ ዌይላንድ (ኤክስ11ን የሚተካው አዲሱ ሥርዓት) ላይ ደብሊውኤል-ኮፒና ደብሊውኤል-ፔስት ካልተነገራቸው በቀር ቀጥታ ወደ ክሊፕቦርድ ስለሚሄዱ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የቀሩት መስመሮች እንዴት ፕሮምፕቱ ላይ ደረሱ የሚለው፣ ይከብዳል። ከባሽ 5.1 ጀምሮ ብራኬትድ ፔስት የሚባለው መከላከያ ካልተዘጋ በቀር ክፍት ነው። ተርሚናሉ ፔስት የሚሆነውን ጽሑፍ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ይከበዋል፤ ባሽም በመሀል ያለውን መስመር መስበሪያ እንደ ኤንተር አይቆጥረውም። ታዲያ ለምን አልጠበቀም? ምክንያቱም መከላከያው የሚሠራው ባሽ ፕሮምፕቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ስክሪፕት ሲጀምር ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ሦስቱ መስመሮች ያለ ምልክት፣ እንደተተየቡ ሆነው ነው የገቡት። ሪድ አንድ መስመር ብቻ ወሰደ። የቀሩት ሁለቱ በተርሚናሉ ቋት ውስጥ ቆይተው ስክሪፕቱ ሲያልቅ ባሽ አነበባቸው። ሦስተኛው ሳይፈጸም የቀረው መጨረሻው ላይ መስመር መስበሪያ ስላልነበረው ብቻ ነው።

ፔስት ከማድረግ በፊት ኪሱን መፈተሽ አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ «ኤክስክሊፕ -ኦ -ሴል ሲ» ብሎ ውጤቱን በፓይፕ ድብቅ ፊደሎችን ወደሚያሳየው «ካት -ኤ» (ትልቁ ኤ) መላክ ነው። ማክ ላይ ፒቢፔስትን ወደ «ካት -ኢ» (ትንሹ ኢ) ይላኩ። የዶላር ምልክት በታየበት ሁሉ መስመር ያልቃል ማለት ነው። ለአንድ ቁልፍ ከአንድ ዶላር በላይ ከታየ የተያዘው ሌላ ነገር ነው። ከዶላሩ በፊት የኮፍያ ምልክትና ትልቁ ኤም (^M) ከታዩ ፋይሉ ከዊንዶውስ የመጣ ነው፤ ያ ድብቅ ፊደል ከቁልፉ ጋር ገብቶ ቁልፉን ያበላሸዋል። በ«ካት -ኤ» የግዕዝ ፊደል ዝብርቅርቅ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደሎች በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ኮድ) አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ እያንዳንዱ ባይት ለብቻው እየታየ ነው።

ጽሑፍ የሚያወጣው የኤኮ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ መስመር መስበሪያ ይጨምራል፤ ቁልፍና ፓስወርድ በኤኮ መላክ ስለዚህ ጥሩ አይደለም። ተመሳሳዩ ፕሪንትኤፍ ካልተነገረው አይጨምርም። ፋይል ሲሆን ፊደል በሚያጠፋው በ«ቲአር -ዲ» መስመር መስበሪያውን አጥፍቶ ማሳለፍ ይበቃል፤ ደብሊውኤል-ኮፒ ደግሞ ለዚሁ የራሱ «-ኤን» አለው። ለምስጢር ነገር «-ሉፕስ 1» የተባለ ኤክስክሊፕ አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥቶ ይወጣል። ነገር ግን የክሊፕቦርድ ታሪክ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ካለ ያቺን አንድ ጊዜ እሱ ቀድሞ ይወስዳታል፤ ምስጢሩም እዚያ ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሥራ ክሊፕቦርድ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ስክሪፕቱ ቁልፉን ከግቤቱ ስለሚያነብ ፋይሉን በፓይፕ ለኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ጋር ለሚያገናኘው ፕሮግራም) ሰጥቶ ስክሪፕቱን በርቀት ማስጀመር ይቻላል፤ ፋይሉ በመስመር መስበሪያ ማለቁን ብቻ ማየት ነው፣ ያለዚያ ሪድ ቁልፉን ተቀብሎም ስህተት ይመልሳል። አሁን የሚደረገው በዚህ መንገድ ነው። ስክሪፕቱም የሚቀበለውን ቁልፍ ርዝመት ይቆጥራል፤ ውስጡ ባዶ ቦታ ካገኘ አይጽፍም። በማስታወሻው ላይ የነበሩት ሦስት መስመሮች በድርብ አምፐርሳንድ (&&፤ የፊተኛው ካልተሳካ ተከታዩ አይፈጸምም) ተያይዘው አንድ መስመር ሆነዋል፤ መነሻቸው ላይም የሰርቨሩን ስም አይቶ የሙከራው ካልሆነ የሚያቆም ማጣሪያ ገብቷል።